በጀቱ ሳይጸድቅ ወጪው እንዴት ይቀጥላል? የደቡብ አፍሪካ ክፍለ ሀገሮች እና አንቀጽ 29

የደቡብ አፍሪካ የመንግሥት በጀት ዓመት ማርች 31 ሌሊት ይዘጋና ኤፕሪል 1 አዲሱ ይጀምራል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በማግስቱ ጠዋት ነርሶች ተራ ይቀያየራሉ፤ አምቡላንሶች ነዳጅ ይቀዳሉ፤ የደመወዝ ክፍሉም የኤፕሪሉን ዝርዝር ማዘጋጀት ይጀምራል። ለዚህ ሁሉ ወጪ ሥልጣን የሚሰጠው የዓመቱ የበጀት ሕግ ግን ብዙ ጊዜ ገና አልጸደቀም። ረቂቁ በክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ኮሚቴዎች እጅ ነው፤ ሜይ ወይም ጁን ላይ ቢጸድቅ ማንም አይገረምም።

መዘግየቱ የስንፍና ጉዳይ አይደለም፤ የቀን መቁጠሪያው ራሱ ያመጣዋል። ክፍለ ሀገሮች በራሳቸው የሚሰበስቡት ገቢ ከጠቅላላ ገንዘባቸው 3 በመቶ ገደማ ነው። የቀረው ከማዕከላዊው መንግሥት በፍትሐዊ ድርሻ (ክፍለ ሀገሮች ከአገሪቱ ገቢ በሚያገኙት ድርሻ) እና በቅድመ ሁኔታ በተሳሰሩ ድጎማዎች ይመጣል። ስለዚህ የማዕከሉ በጀት ሳይታወቅ የክፍለ ሀገሩን መሥራት አይቻልም። የመንግሥት ፋይናንስ አስተዳደር ሕጉም ይህንኑ ተከትሎ የክፍለ ሀገሩ የፋይናንስ ኃላፊ በጀቱን የአገሪቱ በጀት ከቀረበ በኋላ ባሉት 2 ሳምንታት ውስጥ ለምክር ቤቱ እንዲያቀርብ ያዝዛል። የአገሪቱ በጀት እንደ ልማዱ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ከቀረበ የክፍለ ሀገሩ ማርች ላይ ይቀርባል፤ ኮሚቴ ሳይመረምረው ኤፕሪል 1 ይደርሳል። በ2025 ደግሞ ነገሩ ባሰበት። ፌብሩዋሪ 19 ሊቀርብ የነበረው የአገሪቱ በጀት በተጨማሪ እሴት ታክስ ጭማሪ ውዝግብ በዕለቱ ተላለፈና ማርች 12 ቀረበ፤ ኤፕሪል ላይ ታክሱም በጀቱም ተነስተው ሦስተኛው ቅጂ የቀረበው ሜይ 21 ነው። በእነዚያ ሳምንታት ሁሉ የመንግሥት ሥራ በበጀቱ መዘግየት ምክንያት አልቆመም።

አሜሪካ ለሚኖር አንባቢ ይህ ይገርመው ይሆናል። በ2025 ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ለ43 ቀናት ብዙ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በራቸውን የዘጉት ምክር ቤቱ ገንዘብ ስላልፈቀደ ነው። እዚያ ጊዜያዊ ፈቃድ በየጊዜው ድምፅ ተሰጥቶበት የሚወጣ ሕግ ነው፤ ድምፁ ካልተገኘ ገንዘብ የለም። በካናዳዋ ኦንታርዮም ምክር ቤቱ ለጊዜያዊ ወጪ የራሱን ሕግ ያወጣል፤ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ካልሆነ ካቢኔው ልዩ የወጪ ትእዛዝ ያወጣል። ደቡብ አፍሪካ የመረጠችው ሌላ መንገድ ነው። ጊዜያዊ ፈቃዱ በቋሚ ሕግ ውስጥ አስቀድሞ ተቀምጧል፤ በጀቱ በዘገየ ቁጥር ማንም ሳይለምነው ራሱ ይሠራል።

ሕጉ የ1999ኙ የመንግሥት ፋይናንስ አስተዳደር ሕግ ነው፤ አንቀጹ 29። ወደ እሱ ከመግባታችን በፊት ግን ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ደረጃ አለ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 226 እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር አንድ የገቢ ቋት እንዲኖረው ያደርጋል። ከቋቱ ገንዘብ የሚወጣባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ባጸደቀው የበጀት ሕግ ነው። ሁለተኛው «ቀጥታ ወጪ» የሚባለው ሲሆን፣ እሱም በሕገ መንግሥቱ ወይም በክፍለ ሀገሩ ሕግ የተፈቀደ መሆን አለበት። የመጨረሻዋ ሐረግ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የክፍለ ሀገርን ቋት የአገሪቱ ፓርላማ ባወጣው ሕግ ብቻ መክፈት አይቻልም፤ የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ራሱ በሕግ በሩን መክፈት አለበት። ምዕራብ ኬፕ በ2000 «የቀጥታ ወጪዎች ሕግ» ያወጣችው ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው። አንቀጽ 29 ገንዘቡ እንዴትና እስከ ስንት እንደሚወጣ ይናገራል፤ የክፍለ ሀገሩ ሕግ ደግሞ መውጣት ይችላል ይላል። ኤፕሪል ላይ ሥራ የሚጀምር አዲስ የፋይናንስ ባለሙያ ሁለቱንም ሕጎች ጎን ለጎን አድርጎ ቢያነብ ይመከራል፤ ኦዲተሩ የሚጠይቀው ሁለቱንም ነው።

ከቋቱ የሚያወጣው ደግሞ የክፍለ ሀገሩ ግምጃ ቤት ብቻ ነው። ጤና መሥሪያ ቤቱም ሆነ ትምህርት መሥሪያ ቤቱ በራሱ አያወጣም፤ ይጠይቃል፣ ግምጃ ቤቱ ወደ ክፍያ ሂሳቡ ያስገባለታል።

አሁን ወደ አንቀጽ 29 ቁጥሮች። በጀቱ እስኪጸድቅ ድረስ የሚወጣው ገንዘብ በመጀመሪያዎቹ 4 ወራት፣ ከኤፕሪል እስከ ጁላይ፣ ባለፈው ዓመት በጀት ከተፈቀደው ጠቅላላ ገንዘብ 45 በመቶ መብለጥ የለበትም። ከዚያ በኋላ ባለው በእያንዳንዱ ወር 10 በመቶ ነው ጣሪያው። በድምሩ ደግሞ ካለፈው ዓመት በጀት ጠቅላላ መጠን፣ ማለትም ከ100 በመቶ፣ አይዘልም። ከዚህ ጋር አንድ የዓላማ ገደብ አለ፤ ገንዘቡ ባለፈው ዓመት በጀት ወይም በማስተካከያ በጀቱ (በዓመቱ መሃል በጀቱን በሚያሻሽለው) ገንዘብ ለተመደበላቸው አገልግሎቶች ብቻ ይውላል።

አራት ወር የዓመት ሲሶ ነው፤ 33.3 በመቶ። ሕጉ የሰጠው 45 ነው። በመሃል ያለው 11.7 ነጥብ ለምን እንደተተወ የሒሳብ ክፍል ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የዓመቱ መጀመሪያ ወጪ እኩል አይፈስም። ለትምህርት ቤቶች የሚተላለፈው ገንዘብ በየወሩ ሳይሆን በጥቅል ይላካል። የማርች ደረሰኞች ኤፕሪል ላይ ይከፈላሉ። የደመወዝ ጭማሪ የሚጀምረውም ኤፕሪል 1 ነው። ስለዚህ 45 በመቶው እንደ ትርፍ መታየት የለበትም፤ አብዛኛው ባለቤት ያለው ገንዘብ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ፤ ቁጥሩ ለስሌት ብቻ የተመረጠ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ባለፈው ዓመት 12 ቢሊዮን ራንድ ተመድቦለት ነበር፤ ከዚህ 7 ቢሊዮኑ ደመወዝ። በቀጥታ ቢካፈል 4 ወር 4 ቢሊዮን ይሆናል፤ ጣሪያው ግን 5.4 ቢሊዮን ነው። በ2025 የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ በ5.5 በመቶ አድጓል፤ በምሳሌያችን መሥሪያ ቤት ይህ በዓመት 385 ሚሊዮን፣ በወር 32 ሚሊዮን ገደማ ነው። ወርኃዊ ደመወዙ ከ583 ወደ 615 ሚሊዮን ይወጣል። እስከ ጁላይ ድረስ ይህ አያስጨንቅም፤ ጣሪያው ይበቃዋል።

አሁን በጀቱ ጁላይ መጨረሻ ላይ ጸደቀ እንበል፤ ለመሥሪያ ቤቱ የተመደበው 12.3 ቢሊዮን ነው። ጥያቄው እስከዚያ ያወጣው ገንዘብ ምን ይሆናል የሚለው ነው። አንቀጽ 29 መልሱን በግልጽ አስቀምጦታል፤ በጊዜያዊ ፈቃድ የወጣው ገንዘብ በአዲሱ በጀት ላይ ተጨማሪ አይደለም፣ የአዲሱ በጀት አካል ሆኖ ይቆጠራል። መሥሪያ ቤቱ 45 በመቶውን አሟጦ 5.4 ቢሊዮን ከጨረሰ ለቀሪዎቹ 8 ወራት 6.9 ቢሊዮን ይቀረዋል፤ በወር 862 ሚሊዮን ገደማ። ደመወዝ 615 ሲወስድ ለመድኃኒት፣ ለምግብ፣ ለመብራት፣ ለጥገናና ለሌላው ሁሉ 247 ሚሊዮን ይተርፋል። ዓመቱን ሙሉ እኩል ቢያከፋፍል ኖሮ 410 ሚሊዮን ይኖረው ነበር። ኖቬምበር ላይ «ገንዘብ አልቋል፣ ግዢ ቁም» የሚል ደብዳቤ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ችግሩ ኤፕሪል ላይ ተወልዶ ነው። ጣሪያን እንደ ዕቅድ መውሰድ በዚህ ሥራ ከማውቃቸው ስህተቶች ሁሉ ውዱ ይመስለኛል፤ ሕግ ስላልተጣሰ ደግሞ በጊዜው ማንም ቀይ መብራት አያበራም።

በጀቱ ጭራሽ ባይጸድቅስ? እስኪ እንቁጠር። ጣሪያውን ሙሉ በሙሉ የተጠቀመ እስከ ጁላይ 45 በመቶ፣ ኦገስት 55፣ ሴፕቴምበር 65፣ ኦክቶበር 75፣ ኖቬምበር 85፣ ዲሴምበር ላይ 95 ይደርሳል። ለጃንዋሪ የሚቀረው 5 በመቶ ብቻ ነው። በምሳሌያችን ይህ 600 ሚሊዮን ራንድ ነው፤ ለአንድ ወር ደመወዝ እንኳ 15 ሚሊዮን ይጎድለዋል። ፌብሩዋሪና ማርች ምንም የላቸውም። በቁጠባ የሄደ ደግሞ ከዚያ በላይ ይዘልቃል፤ ግን ባለፈው ዓመት መጠን ላይ የተጨመረው የደመወዝ ጭማሪ መጨረሻ ላይ ያው ግድግዳ ላይ ያደርሰዋል። አንድ ነገር እዚህ ላይ ይረሳል። የ10 በመቶው ጣሪያ «በእያንዳንዱ ወር» ነው የተጻፈው። ኦገስት ላይ 7 በመቶ ብቻ ያወጣ ሴፕቴምበር ላይ 13 ሊያወጣ አይችልም፤ ያልተጠቀሙበት አይጠራቀምም። ትልቅ ክፍያ ካለ ከወሩ ጣሪያ ጋር አስተያይቶ ቀኑን መምረጥ የግድ ነው።

ሌላም ረቂቅ ነገር አለ። አገልግሎቱ የተፈቀደ መሆኑን ለማየት ያለፈው ዓመት በጀትም ማስተካከያ በጀቱም ይታያሉ። መቶኛው የሚሰላው ግን በዓመታዊው በጀት ላይ ነው። ባለፈው ኖቬምበር በማስተካከያ በጀት የተጀመረ አንድ ፕሮግራም ኤፕሪል ላይ መቀጠል ይችላል፤ የተጨመረለት ገንዘብ ግን ጣሪያውን ከፍ አያደርገውም። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ከሌሎቹ አገልግሎቶች ላይ ነው የሚበላው።

ጣሪያው የተጻፈው በጠቅላላ መጠን መሆኑም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ግምጃ ቤቱ ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ድርሻ በጽሑፍ ካልወሰነ ጤና መሥሪያ ቤቱ ያለበትን የደረሰኝ ክምር እየከፈለ የሌላውን ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ማርች ሳያልቅ በየበጀት ርዕሱ የተከፋፈለ የወር በወር ሰንጠረዥ ያለው ደብዳቤ ለየመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ መድረስ አለበት፤ ኤፕሪል 3 ላይ የሚደርስ ደብዳቤ ዘግይቷል።

የአገልግሎት ገደቡን በተመለከተ የሚፈጠረው ክርክር ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ «አዲስ» ማለት ምን ማለት ነው? መልሱ ስምን ሳይሆን ሥራውን ይከተላል። ከምርጫ በኋላ ሁለት መሥሪያ ቤቶች ቢዋሃዱና ስማቸው ቢቀየር የመንገድ ጥገናው ያው የመንገድ ጥገና ነው፤ ገንዘቡ ሥራውን ተከትሎ ይሄዳል። ያለፈው ዓመት በጀት ውስጥ ጨርሶ ያልነበረ የወጣቶች የሥራ ፕሮግራም ግን የፕሪሚየሩ (የክፍለ ሀገሩ ርዕሰ መስተዳድር) ንግግር ላይ ስለተጠቀሰ ብቻ ኤፕሪል ላይ ሊጀመር አይችልም። የግንባታ ሥራ መሃል ላይ ይወድቃል። የተጀመረ ሆስፒታል ይቀጥላል። አዲስ ጨረታ ግን ቢወጣ እንኳ ውሉ በጀቱ እስኪጸድቅ ባይፈረም ይሻላል፤ የሦስት ዓመት ግዴታ በአራት ወር ፈቃድ ላይ መትከል አያስኬድም። ጨረታውን ማዘጋጀት፣ ማስታወቂያ ማውጣት፣ መገምገም ግን ወጪው ትንሽ ስለሆነ ጊዜው እንዳይባክን መሥራት ይቻላል።

ካለፈው ዓመት ተርፎ የሚሻገር ገንዘብም ብዙዎችን ያሳስታል። ማርች 31 ላይ ያልተጠናቀቀ ግንባታ ገንዘብ ቀርቶት ከሆነ ግምጃ ቤቱ ካጸደቀው በማስተካከያ በጀት በኩል ይመለሳል። የአገሪቱ ግምጃ ቤት መመሪያ ለዕቃና አገልግሎት የሚሻገረውን እስከ 5 በመቶ ይገድባል፤ ከደመወዝ የተረፈ ጭራሽ አይሻገርም። የማስተካከያ በጀቱ የሚመጣው በዓመቱ አጋማሽ ላይ ነው። እስከዚያ ሥራ ተቋራጩ የሚከፈለው ከ45 በመቶው ውስጥ ስለሆነ ይህ ሂሳብ ከመጀመሪያው ተለይቶ መያዝ አለበት።

ፈቃድ እና ጥሬ ገንዘብ አንድ አይደሉም። አንቀጽ 29 የማውጣት ሥልጣን ይሰጣል እንጂ ቋቱን አይሞላም። ቋቱ የሚሞላው ከማዕከሉ በክፍያ ሰሌዳ በሚላከው ድርሻ ነው። የዓመቱ የገቢ ክፍፍል ሕግ (ይህን ድርሻ የሚወስነው) ኤፕሪል 1 ላይ ካልጸደቀ ደግሞ ያለፈው ዓመት ሕግ ውስጥ ያለ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ ይሠራል፤ እሱም ያለፈውን ዓመት ድርሻ መሠረት አድርጎ እስከ 45 በመቶ እንዲላክ ይፈቅዳል። ሁለቱ 45 በመቶዎች ተመሳሳይ ስለሚመስሉ ይምታታሉ፤ አንዱ ወደ ቋቱ የሚገባውን፣ ሌላው ከቋቱ የሚወጣውን ነው የሚለካው። ሥልጣን ኖሮ ገንዘብ ሲያጥር ክፍለ ሀገሩ ለዕለት ወጪ እንደልቡ መበደር አይችልም። ሕገ መንግሥቱ የሚፈቅደው ለመሻገሪያ የሚሆን ብድር በ12 ወራት ውስጥ ተመልሶ መከፈል አለበት።

ጥሬ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆመው የአቅራቢዎች ክፍያ ነው፤ ደመወዝ አይነካም። መመሪያው አቅራቢ ደረሰኝ ካስገባ በ30 ቀን ውስጥ እንዲከፈለው ያዝዛል። ጊዜያዊው ወቅት ከዚህ ግዴታ ነፃ አያደርግም። ሂሳቡ በጥሬ ገንዘብ እንቅስቃሴ ስለሚያዝ ያልተከፈለ ደረሰኝ በወጪ ሪፖርቱ ላይ አይታይም። 36 በመቶ ብቻ ያወጣ የሚመስል መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ሌላ 8 በመቶ የሚሆን ደረሰኝ ሊኖረው ይችላል። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ወር ባለቀ በ15 ቀን ውስጥ ለግምጃ ቤቱ ሪፖርት የማድረግ ግዴታ አለበት፤ የኤፕሪሉና የሜዩ ሪፖርት ከደረሰኝ ዝርዝር ጋር ካልተነበበ ዋጋ የለውም።

ጎርፍ ቢመጣስ? ኳዙሉ ናታል በ2022 ከ400 በላይ ሰው የገደለው ጎርፍ የመጣው ኤፕሪል 11 እና 12 ላይ ነው፤ የበጀት ዓመቱ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት። ለእንዲህ ያለው ጊዜ የዚያው የፋይናንስ አስተዳደር ሕግ አንቀጽ 25 አለ። የፋይናንስ ኃላፊው በበጀት ያልታሰበ፣ ቢዘገይ የሕዝብን ጥቅም በብርቱ የሚጎዳ ልዩ ወጪን መፍቀድ ይችላል። ገደቡ በድምሩ ከዓመቱ በጀት 2 በመቶ ነው። በ14 ቀን ውስጥ ለምክር ቤቱና ለዋና ኦዲተሩ ሪፖርት ይደረጋል፤ በሚቀጥለው ማስተካከያ በጀት ወይም በ120 ቀን ውስጥ በሚቀርብ ሌላ የበጀት ሕግ፣ ከሁለቱ በሚቀድመው፣ መካተት አለበት። እዚህም ላይ የክፍለ ሀገሩ ሕግ ቀጥታ ወጪ ብሎ ካልፈቀደ ቋቱ አይከፈትም። ስሌቱ የተሳሰረው «ከያዝነው ዓመት» በጀት ጋር ስለሆነ ያ በጀት ገና ባልጸደቀበት ኤፕሪል 2 በመቶው የምን 2 በመቶ ነው የሚለው ጥያቄ ይነሳል። የሕግ ክፍሉን አስተያየት በጽሑፍ ሳይዙ አለመፈረም ነው።

ጣሪያው ቢጣስ፣ ወይም ላልተፈቀደ አገልግሎት ቢወጣ፣ «ያልተፈቀደ ወጪ» ይባላል። ምክር ቤቱ ገንዘብ ጨምሮ ካላጸደቀው በቀጣይ ዓመታት ከዚያው መሥሪያ ቤት በጀት ላይ ይቀነሳል። ጥፋተኛው ባለሥልጣን ሌላ ቦታ ተዛውሮ ሄዶ በሽተኛው መድኃኒት ሲያጣ ማየት የተለመደ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከ2024ቱ ምርጫ ወዲህ አንቀጹ ከበፊቱ የበለጠ ይነበባል። በጋውቴንግ ከ80 መቀመጫ ትልቁ ፓርቲ የያዘው 28 ነው። በኳዙሉ ናታል ከምርጫው በኋላ ትልቁ ፓርቲ 37 ይዞ ተቃዋሚ ሆነ፤ የተመሠረተው አስተዳዳሪ ጥምረት ከ80 መቀመጫ በ41 ላይ የቆመ ነበር። ጥቂት አባላት ቢቀሩ በጀት ሊወድቅ ይችላል። በእንዲህ ያለ ምክር ቤት የኦገስቱን 10 በመቶ ሠንጠረዥ ጁን ላይ አዘጋጅቶ መያዝ ተገቢ ነው፤ ጁላይ 31 ላይ በጀት ሳይጸድቅ ሲቀር ኦገስት 1 ጠዋት ላይ የክፍያ ሥርዓቱ የሚቀበለው አዲስ ጣሪያ መኖር አለበት።

ፕሪሚየሩ በጀቱን ሲፈርም ደግሞ ሥራው አያበቃም። ከኤፕሪል 1 ጀምሮ የወጣው እያንዳንዱ ክፍያ ባለፈው ዓመት የፕሮግራም መደብ ተመዝግቧል፤ አሁን ወደ አዲሱ መደብ ይዛወራል። በአዲሱ በጀት የተቀነሰበት ፕሮግራም ካለ ቀድሞ ያወጣው ከተፈቀደለት ጋር ተነጻጽሮ የቀረው በቀሩት ወራት ይካፈላል። በፕሮግራሞች መካከል ማዛወር የሚቻለው ከሚቀነስበት ፕሮግራም እስከ 8 በመቶ ነው፤ ለግንባታ የተመደበን ለዕለት ወጪ ማዋል ግን አይቻልም። ስለዚህ ኤፕሪል ላይ ከልክ በላይ የወጣ ቀለብና ነዳጅ በግንባታ ገንዘብ አይሸፈንም።